ከፊልሙ በኋላ፦ የፊልም ክበቦች ታሪክ ከፓሪስ እስከ ዋጋዱጉ

ሲኒማ በተወለደባቸው የመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ስለ ፊልም ታትሞ የሚወጣው ጽሑፍ ከሞላ ጎደል ማስታወቂያ ነበር። ሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 በፓሪሱ ግራን ካፌ ምድር ቤት ተንቀሳቃሽ ሥዕሎቻቸውን በአንድ ፍራንክ መግቢያ ለሕዝብ ካሳዩ ወዲህ (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዲሱ ፈጠራ የተስፋፋው የገበያና የድንኳን መዝናኛ ሆኖ ነው። ጋዜጦች ለቴአትር፣ ለሙዚቃና ለሥዕል ሐያሲ ነበራቸው። ለፊልም ግን አልነበራቸውም፤ የሚያትሙት አምራቹ ወይም አከፋፋዩ የላከላቸውን ውዳሴ ነው። ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ ስላየው ነገር ከጓደኛው ጋር ማውራቱ አልቀረም። ወሬው ግን ከበሩ ርቆ አይሄድም፤ የሚመዘግበው፣ የሚሞግተው፣ ለሌላው የሚያደርሰው አልነበረም።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሐል ነው። በፓሪስ ይኖር የነበረው ጣሊያናዊ ጸሐፊ ሪቾቶ ካኑዶ ገና በ1911 ሲኒማ ከነባሮቹ ጥበባት ጎን የሚሰለፍ ጥበብ ነው ብሎ የሚሟገት ጽሑፍ አውጥቶ ነበር፤ ፊልምን «ሰባተኛው ጥበብ» ብሎ መጥራት የተለመደውም በእሱ ነው። በ1916 የሙዚቃ ሐያሲው ኤሚል ቪየርሞዝ «ለ ታን» በተባለው ትልቅ ጋዜጣ ላይ ስለ ፊልም አምድ ይዞ መጻፍ ጀመረ። በዚያው ዓመት ሉዊ ደሉክ የተባለ ወጣት ደራሲና የቴአትር ሐያሲ፣ ሲኒማን ከቁም ነገር የማይቆጥር ሰው፣ ኋላ ባለቤቱ የሆነችው ተዋናይት ኤቭ ፍራንሲስ ጎትጉታው የአሜሪካዊውን ሴሲል ዴሚል «ዘ ቺት» አየ። ድምፅ በሌለው በዚያ ፊልም ጃፓናዊው ተዋናይ ሴሱ ሃያካዋ ፊቱን እምብዛም ሳያንቀሳቅስ የሚያሳየው ጭካኔ በፓሪስ የብዙዎችን አስተያየት የለወጠ ነበር፤ ደሉክም ከለወጣቸው አንዱ ሆነ።

ደሉክ ከዚያ በኋላ በቀረችው አጭር ዕድሜው ያደረገው ነገር ያስደንቃል። በ1918 «ፓሪ-ሚዲ» በተባለ ዕለታዊ ጋዜጣ ላይ የፊልም አምድ ያዘ። ስለ ካሜራው፣ ስለ መብራቱና ስለ ተዋናዮቹ ብቻ አልጻፈም፤ የሠራተኛ ሰፈር ሲኒማ ቤቶች እየገባ ተመልካቹ የቱ ጋ ዝም እንደሚል፣ የቱ ጋ እንደሚስቅ ይመዘግብ ነበር። የተራው ተመልካች አስተያየት ዋጋ አለው ብሎ በጽሑፍ ካመኑት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በጃንዋሪ 1920 «የሲኔ-ክለብ ጋዜጣ» የተባለ ሳምንታዊ ኅትመት መሠረተ። ሐሳቡ በብስክሌትና በአውቶሞቢል ወዳጆች ማኅበራት አምሳል ሠሪዎችንና ተመልካቾችን ባንድ ጣሪያ ሥር ማገናኘት ነበር። ጁን 12 ቀን 1920 በላ ፔፒኒየር ሲኒማ ቤት የመጀመሪያው ስብሰባ ተደረገ፤ የቴአትር አዘጋጁ አንድሬ አንትዋን ንግግር አቀረበ። በሚቀጥለው ዓመት ካኑዶ በበኩሉ «የሰባተኛው ጥበብ ወዳጆች ክለብ»ን አቋቋመ። ገጣሚዎች፣ ሠዓሊዎችና ሙዚቀኞች ራት እየበሉ ስላዩት ፊልም ይከራከሩ ነበር።

በኖቬምበር 1921 ደሉክ «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» የተባለውን የጀርመን ፊልም በኮሊዜ ሲኒማ አሳየ። ጦርነቱ ካበቃ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ በፈረንሳይ የጀርመን ፊልም ማሳየት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ተመልካቹ ግን የተንጋደዱትን ቤቶችና በቀለም የተሣሉትን ጥላዎች አይቶ ሲከራከር አመሸ። የፊልም ክበብ ኋላ ለግማሽ ምዕት ዓመት የሠራው ሥራ እዚያ ምሽት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ገበያው የማያመጣውን ፊልም አምጥቶ፣ አሳይቶ፣ አከራክሮ ማለት ነው። ካኑዶ በ1923፣ ደሉክም በማርች 1924 ሞቱ። ደሉክ በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ዕድሜው 33 ነበር። በስሙ የተሰየመው ሽልማት ከ1937 ወዲህ ለፈረንሳይ ፊልሞች ይሰጣል።

ሁለቱ ከሞቱ በኋላ ሥራውን ከያዙት ሰዎች መካከል ዳይሬክተሯ ዠርመን ዱላክና ሐያሲው ሌዮን ሙሲናክ ይገኛሉ። በፓሪስ በ1924 ቪዩ-ኮሎምቢዬ፣ በ1926 ስቱዲዮ ዴ ዩርሱሊን፣ በ1928 ስቱዲዮ 28 የተባሉ አዳራሾች ለእንዲህ ዓይነቱ ተመልካች ተከፈቱ። በ1925 የለንደን ፊልም ማኅበር ተቋቋመ። ክበቦቹን ከሲኒማ ቤት የለያቸው ትልቁ ነገር በሕግ ፊት የነበራቸው ቦታ ነው። ሳንሱር የሚመለከተው ለሕዝብ የሚታይ ፊልም ነበር፤ ክበብ ግን የአባላት ስብሰባ ነው፣ በሩ ላይ የሚታየው የአባልነት ካርድ እንጂ ትኬት አይደለም። በዚህ ቀዳዳ የአይዘንስታይን «የጦር መርከብ ፖተምኪን»፣ ለሕዝብ እንዳይታይ የተከለከለው ፊልም፣ በ1926 መጨረሻ በፓሪስ ለክበብ አባላት ታየ። በ1928 ሙሲናክና ጓዶቹ «የስፓርታኩስ ወዳጆች» የሚባል ክበብ ከፍተው የሶቪየት ፊልሞችን ለሠራተኛው ማሳየት ጀመሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ አባላቱ በሺዎች ተቆጠሩ። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ ስለ አብዮት ፊልም ሲወያይ የፓሪስ ፖሊስ አዛዥ ዣን ሺያፕ ዝም ብሎ አላየም፤ ክበቡ በዚያው ዓመት እንዲዘጋ ሆነ።

በእነዚያው ዓመታት ሙሲናክ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። «ሉማኒቴ» በተባለው ጋዜጣ ላይ «ሞቢ ዲክ» ከተባለው ልብ ወለድ የተወሰደ አንድ የአሜሪካ ፊልም አጥብቆ ስለነቀፈ የፊልም ነጋዴው ዣን ሳፔን ከሰሰው። የከሳሹ መከራከሪያ ግልጽ ነበር፤ ፊልም ሸቀጥ ነው፣ ሸቀጥን የሚያጥላላ ነጋዴውን ያከስራል፣ ስለዚህ ካሣ ይክፈል። በ1928 ፍርድ ቤቱ ለሳፔን ፈረደ። ሙሲናክ ይግባኝ ብሎ በ1930 መጨረሻ ረታ። ይህ ፍርድ ከሚገባው በታች የሚታወስ ነው። በፈረንሳይ አንድ ሰው ያየውን ፊልም አልወደድኩትም ብሎ በአደባባይ መጻፍ መብቱ መሆኑ በሕግ የጸናው በዚህ ክርክር ነው።

በዚያው በዲሴምበር 1930 ግን ሌላ ዓይነት አስተያየት ታየ። የሉዊስ ቡኑኤል «ወርቃማው ዘመን» ስቱዲዮ 28 ውስጥ ሲታይ የቀኝ አክራሪ ቡድኖች ሸራው ላይ ቀለም ረጩ፣ በመግቢያው አዳራሽ የተሰቀሉትን የዳሊን፣ የሚሮንና የማክስ ኧርነስትን ሥዕሎች ቀዳደዱ። ከቀናት በኋላ መንግሥት ፊልሙን አገደው፤ እገዳው እስከ 1981 ጸንቶ ቆየ።

ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ክበቦቹ ተዳከሙ። ድምፅ አልባዎቹ ፊልሞች ዋጋ አጡና አምራቾች ጥሬ ዕቃቸውን ለማውጣት ሲሉ ያቀልጧቸው ጀመር። በስሚርና የተወለደው አንሪ ላንግሏ ከጓደኛው ከዦርዥ ፍራንዡ ጋር በ1935 «የሲኒማ ክበብ»ን የመሠረተው ይህ ጥፋት አንገብግቦት ነው፤ በ1936 ክበቡ ሲኔማቴክ ፍራንሴዝ ወደተባለው የፊልም ቤተ መዛግብት አደገ። ላንግሏ የራሱ የሆነ እምነት ነበረው። ከፊልም በኋላ የሚደረግ ውይይት አይወድም፤ ፊልሙን አሳይቶ መብራት ያበራል፣ የፈለገ ደጅ ወጥቶ ያውራ። ባልተጠበቀ መንገድ ይህም ለውይይቱ ጠቀመ። ሰዎች የሚከራከሩበትን ፊልም ከመቅለጥ ያዳነው እሱ ነውና።

በጀርመን ወረራ ዘመን የአሜሪካ ፊልሞች ከፈረንሳይ ሲኒማ ቤቶች ተወገዱ። በዚያ ጊዜ አንድሬ ባዛን የሚባል የ24 ዓመት ወጣት ፓሪስ ውስጥ ለተማሪዎች ትንሽ የፊልም ክበብ ይመራ ነበር። ባዛን መምህር ለመሆን ተምሯል፤ ነገር ግን ይንተባተብ ስለነበር በቃል ፈተናው ወደቀ። ክፍል ውስጥ እንዲያስተምር ያልተፈቀደለት ይህ ሰው ከጦርነቱ በኋላ ምናልባት የፈረንሳይ ታላቁ የሲኒማ መምህር ሆነ። «ሥራና ባህል» በተባለ የሕዝብ ትምህርት ማኅበር በኩል ፕሮጀክተሩ ወደሚገኝበት ሁሉ ሄደ፤ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ሠራተኛ ማኅበራት አዳራሽ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ አልፎም ወደ ጀርመንና ወደ ሰሜን አፍሪካ።

የእሱን ዘዴ ከቅርብ ለማየት የማርሴል ካርኔ «ጎሕ ሲቀድ» የተባለ የ1939 ፊልም ላይ ያደርግ የነበረውን ውይይት መውሰድ ይበቃል። በፊልሙ ዣን ጋባን የሚጫወተው ሠራተኛ ሰው ገድሎ በአንድ ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ክፍሉ ውስጥ ራሱን ይዘጋል፤ ፖሊስ ከብቦት ሌሊቱን ያለፈ ሕይወቱን ያስታውሳል፣ ሲነጋ ራሱን ያጠፋል። ባዛን ፊልሙ ካለቀ በኋላ ወደዳችሁት ወይ ብሎ አይጀምርም። በክፍሉ ውስጥ ምን ምን ዕቃ ነበር ብሎ ይጠይቃል። ተሰብሳቢው በሩ ላይ የተገፋውን ቁም ሣጥን፣ አልጋውን፣ መስተዋቱን እየተቀባበለ ይዘረዝራል። ጀግናው የነካውን ሁሉ ያስታውሳሉ፤ ያልነካውን ግን፣ ምንም ያህል ጊዜ ዓይናቸው ሥር ቢቆይ፣ ይዘነጉታል። ቀጥሎ ወደ ሲጋራው ይሄዳል። ክብሪቱ ያለቀበት ሰው አንዱን ሲጋራ በሌላው እየለኮሰ ያጨሳል፤ አንዴ ከጠፋበት ግን መቼም ማጨስ አይችልም። ሲጋራው እስከ መቼ ነው የቆየው? ያ ሰው ተስፋው እስከ መቼ ነው የቆየው? ከፋብሪካ ውሎ የመጣ ሰው፣ ስለ ጥበብ የሚናገረው የለኝም ብሎ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ብዙ ያየ መሆኑን እዚያው ያውቀዋል። ከዚህ የበለጠ ለተመልካች ክብር የሰጠ የሂስ ዘዴ በሲኒማ ታሪክ ማግኘት ይከብዳል።

ከጦርነቱ ማግስት የፈረንሳይ የፊልም ክበቦች ፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ ዋና ጸሐፊው የሲኒማ ታሪክ ጸሐፊው ዦርዥ ሳዱል ነበር። ክበቦች በየከተማው ፈሉ። ሥርዓቱ ሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ ፊልሙን ያስተዋውቃል፣ ፊልሙ ይታያል፣ ከዚያ መብራት በርቶ ውይይት ይከፈታል። አራት ዓመት ያላዩት የአሜሪካ ፊልም ደግሞ እንደ ጎርፍ ገባ። «ሲቲዝን ኬን» ፓሪስ የደረሰው በ1946፣ ማለትም ከተሠራ አምስት ዓመት ቆይቶ ነው፤ ሳዱል አናናቀው፣ ባዛን ተሟገተለት፣ ክርክሩም ከመጽሔት ወደ ክበብ፣ ከክበብ ወደ ቡና ቤት ወረደ።

በላቲን ሰፈር በሩ ዳንቶን አንድ አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰብ የነበረው ክበብ ከሁሉ ይበልጥ ስሙ ይነሣል። ውይይቱን ይመራ የነበረው ሞሪስ ሼሬር የተባለ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ዓለም ኋላ ያወቀው ኤሪክ ሮሜር በሚለው የብዕር ስሙ ነው። ከሩዋን የመጣው ዣክ ሪቬት፣ ዣን-ሉክ ጎዳር፣ ክሎድ ሻብሮልና ፍራንሷ ትሩፎ እዚያ ተዋወቁ። ሪቬት በክርክር ላይ ምሕረት የለሽ እንደነበር የሚያውቁት ይናገራሉ። ከዚያ ወጥተው ላንግሏ በ1948 በአቬኑ ደ ሜሲን ወደ ከፈታት 60 ያህል መቀመጫ ወዳላት አዳራሽ ይሄዳሉ፤ ያለ ትርጉም ጽሑፍ የሚታይን የባዕድ አገር ፊልም ፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው ያያሉ። ንግግሩን የማይረዳ ሰው የሚያየው የካሜራውን እንቅስቃሴና የሰዎቹን አቀማመጥ ነው፤ ይህ ልማድ አስተያየታቸው ላይ የተወው ምልክት እስከ መጨረሻ አልጠፋም። በ1950 ሮሜርና ጓደኞቹ «ጋዜት ዱ ሲኔማ» የተባለች መጽሔት አምስት ጊዜ አሳትመው አቆሙ።

ትሩፎ የ16 ዓመት ልጅ ሳለ የራሱን ክበብ ከፍቶ ነበር። እሑድ ጠዋት የሚያሳየው ፊልም ከባዛን ክበብ ሰዓት ጋር ስለተጋጨበት ሰዓቱን እንዲቀይርለት ሊለምን ሄዶ ከባዛን ጋር ተዋወቀ። ክበቡ በዕዳ ተዘፈቀ፤ እንጀራ አባቱ ለፖሊስ አሳልፎ ሰጠው፤ ልጁ ቪልዥዊፍ ወደሚገኝ የወጣት ጥፋተኞች ማቆያ ገባ። ዋስ ሆኖ ያስወጣው ባዛን ነው። ኋላም ከጦር ሠራዊት ኮብልሎ ሲታሰር እንደገና የደረሰለት ባዛን ነው፤ ቤቱ ወስዶ እንደ ልጁ አኖረው።

በአፕሪል 1951 ባዛን ከዣክ ዶኞል-ቫልክሮዝና ከሎ ዱካ ጋር «ካዬ ዱ ሲኔማ» የተባለውን ቢጫ ሽፋን መጽሔት አወጣ። በ1952 በሊዮን «ፖዚቲፍ» ተከተለ፤ ሁለቱ መጽሔቶች ለረጅም ዘመን አንዱ የወደደውን ሌላው ሲነቅፍ ኖረዋል። በጃንዋሪ 1954 «ካዬ» ላይ የ21 ዓመቱ ትሩፎ በዘመኑ የተከበረውን የፈረንሳይ ሲኒማ፣ በተለይ ልብ ወለድን ወደ ፊልም የሚያመጡ ስክሪፕት ጸሐፊዎችን፣ በስም እየጠራ ነቀፈ። የፊልም ባለቤቱ ዳይሬክተሩ ነው የሚለው አቋም የወጣቶቹ ሁሉ አቋም ሆነ። ሂችኮክንና ሃዋርድ ሆክስን እንደ ታላላቅ ጠቢባን ማንሣት ያኔ ለብዙ አንባቢ የልጅ ጨዋታ ይመስል ነበር። ባዛን ራሱ በ1957 በዚያው መጽሔት ላይ ስሕተታቸውን ጽፎ ነገራቸው፤ ሰው እያመለኩ ፊልሙን መመርመር እንዳይረሱ አሳሰባቸው። በአንድ መጽሔት ገጽ ላይ አባትና ልጅ የሚያህሉ ሰዎች እንዲህ በግልጽ መለያየታቸው የዚያ ዘመን ትልቅ ሀብት ነው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ «ካዬ» «የአሥሩ ሸንጎ» የሚል ሰንጠረዥ ጀመረ። ከላይ የአሥር ሐያስያን ስም፣ ከጎን በወሩ የታዩት ፊልሞች፤ በየሣጥኑ ከአንድ እስከ አራት ኮከብ፣ ወይም ባታዩት ይሻላል ለማለት ጥቁር ነጥብ። አንባቢው አንድ ፊልም ከአንዱ አራት ኮከብ፣ ከሌላው ጥቁር ነጥብ ሲያገኝ ያያል፤ ከማን ጋር እንደሚስማማ መምረጡ የእሱ ፋንታ ነው። በ1955 ደግሞ ክርክሩ ወደ ሬዲዮ ገባ። «ለ ማስክ ኤ ላ ፕሉም» የተባለው ዝግጅት ሐያስያንን በተመልካች ፊት አስቀምጦ ያከራክራል፣ የአድማጮችን ደብዳቤም ያነባል። በተለይ ዣን-ሉዊ ቦሪና ዦርዥ ሻራንሶል ሲከራከሩ ፊልሙን ያላየውም ሰው ይሰማቸው ነበር።

ባዛን በኖቬምበር 1958 በካንሰር ሞተ። ገና 40 ዓመቱ ነበር። የሞተው ትሩፎ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን «አራት መቶ ምቶች»ን መቅረጽ በጀመረበት ሌሊት ነው፤ ፊልሙም ለእሱ መታሰቢያ ሆነ። በ1958 የካን ፌስቲቫል በጽሑፎቹ ምክንያት ለትሩፎ የጋዜጠኛ መግቢያ ነፍጎት ነበር። በ1959 በዚያው ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ወሰደ። በአንድ ክበብ ወንበር ላይ ሲከራከሩ የነበሩት ሁሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ካሜራ ያዙ፤ ጎዳር፣ ሪቬት፣ ሮሜር፣ ሻብሮል።

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1968 የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ መሥሪያ ቤት ላንግሏን ከሲኔማቴክ አነሣው። ምክንያት የተባለው የአስተዳደር ዝርክርክነቱ ነው፤ በዚህ በኩል የተነሣው ወቀሳ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ተመልካቹ ግን አልተቀበለውም። ቻፕሊን፣ ኩሮሳዋ፣ ኦርሰን ዌልስና ሮሴሊኒን የመሳሰሉ ዳይሬክተሮች ፊልማችን ያለ እሱ እንዳይታይ ብለው ቴሌግራም ላኩ። ፌብሩዋሪ 14 በትሮካዴሮ ሦስት ሺህ ያህል ሰው ተሰበሰበ፤ ፖሊስ በዱላ በተነው፣ ትሩፎና ጎዳርም ተመቱ። ኤፕሪል 22 ላንግሏ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተማሪዎችና የሠራተኞች ንቅናቄ ፓሪስን ሲንጣት እነዚሁ ሰዎች የካን ፌስቲቫልን አቋረጡት።

የክበብ ልማድ በዚህ ጊዜ ከፈረንሳይ ውጭ ሥር ሰዶ ነበር። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ሕዝቡን በምሽት ትምህርት ቤት እንደማስተማር ያህል ፊልምን ይቆጥረው ነበር፤ ፊልሞቹን በየመንደሩ እየያዘ እየዞረ ያሳይና ከተመልካቹ ጋር ይወያይ ነበር። በፌብሩዋሪ 1969 በላይኛው ቮልታ፣ በዛሬዋ ቡርኪናፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ፣ የአንድ የፊልም ክበብ ወዳጆች በፈረንሳይ-ቮልታ የባህል ማዕከል ዙሪያ ተሰብስበው የአፍሪካ ፊልም ሳምንት አዘጋጁ። አዘጋጅ ኮሚቴውን የመራችው አሊማታ ሳሌምቤሬ ናት። ምክንያቱ ቀላልና መራራ ነበር፤ አፍሪካውያን የሠሯቸው ፊልሞች በአፍሪካ ሲኒማ ቤቶች አይታዩም፣ ስርጭቱ በሁለት የፈረንሳይ ኩባንያዎች እጅ ነውና። በመጀመሪያው ዝግጅት አምስት የአፍሪካ አገሮች ተሳተፉ፤ 23 ፊልም ታየ። በ1970 መንግሥት ሲኒማ ቤቶቹን ወረሰ። በ1972 ዝግጅቱ ፌስፓኮ የሚለውን ስሙንና «የየኔንጋ ፈረስ» የሚባለውን ሽልማቱን አገኘ። በየፌስቲቫሉ ዳይሬክተሩ ፊልሙ ከታየ በኋላ ከተመልካችና ከሐያስያን ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚሟገትበት መድረክ የዝግጅቱ አካል ሆኖ ዘለቀ።

መኖሪያቸውን በዋሽንግተን ያደረጉት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በዚሁ መንገድ የሄዱ ናቸው። በ1993 የወጣውን «ሳንኮፋ»ን የሚያከፋፍል ኩባንያ በአሜሪካ ሲያጡ አዳራሽ ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት፤ ያየው ላላየው እየነገረ ከከተማ ወደ ከተማ ተዛወረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በፊልሙ ስም መጻሕፍትና ፊልም የሚሸጥበት፣ ቡና እየተጠጣ የሚወያዩበት ቤት ተከፈተ። በ2009 «ጤዛ»፣ ከጀርመን ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰውን የአንበርብርን ሕይወት የሚተርከው ፊልማቸው፣ በዋጋዱጉ የወርቅ ፈረሱን ወሰደ።